ራጅና ያልታጠበ ፊልም፦ ከኮምቦልቻ የሚነሳ ተጓዥ ማወቅ ያለበት

ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሴባስቲያዎ ሳልጋዶ ሰሜን ኢትዮጵያን በእግሩ ያወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በወቅቱ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ በመጠለያው ውስጥ ያነሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች የዚያ ዘመን ረሃብ ምስክር ሆነው ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመልሶ ከላሊበላ እስከ ሰሜን ተራሮች 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። በዚያው ዓመት አካባቢም ዕድሜውን ሙሉ የሠራበትን ፊልም ትቶ ወደ ዲጂታል ካሜራ ተሻገረ። ለውሳኔው ደጋግሞ ይጠቅሰው የነበረው ምክንያት የአየር ማረፊያ ፍተሻ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጠቃች ወዲህ ፍተሻው በየአገሩ ጠበቀ፤ በአንድ ጉዞ ብዙ ማሽን ያለፈ ፊልም ደግሞ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚያሸጋግሩትን ስስ የግራጫ እርከኖች እያጣ መጣ።

ሳልጋዶን ያሸነፈ ነገር፣ ሁለት ጥቅል ፊልም በቦርሳው ይዞ ከደሴ የሚነሳውን ወጣት ወይም አያቱን በፊልም ካሜራ ሊያነሳ ከውጭ የሚመጣውን ዘመድ ማስፈራቱ አይቀርም። ነገር ግን ማሽን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ፊልምም ሁሉ አንድ አይደለም። የትኛው ፊልም፣ በየትኛው ማሽን፣ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ያወቀ ተጓዥ አብዛኛውን ጉዳት ማስቀረት ይችላል።

ቅንጣቷና ጨረሩ

የፎቶ ፊልም በፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ስስ ጄላቲን ነው። በጄላቲኑ ውስጥ ዓይን የማይለያቸው የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነዋል። የካሜራው መዝጊያ ለቅጽበት ሲከፈት ብርሃን የነካት ቅንጣት በውስጧ ጥቂት የብር አተሞች ትፈጥራለች። ለውጡ በዓይን አይታይም። ፊልሙ ሲታጠብ ግን ዴቨሎፐሩ ያችን ቅንጣት ሙሉ በሙሉ ወደ ጥቁር ብር ይለውጣታል፤ ፊክሰሩ ደግሞ ብርሃን ያልነካውን ጨው ጠርጎ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ብርሃን አይፈራም፤ ራጅም አይፈራም።

እስኪታጠብ ድረስ ግን ቅንጣቷ ጨረሩ በሌንስ በኩል ይምጣ በሻንጣ ጎን አትለይም። የሚታይ ብርሃን አንዲት ቅንጣት ለማንቃት ብዙ ፎቶኖች ያስፈልጉታል። የራጅ ፎቶን ጉልበቷ ከብርሃኑ በአሥር ሺዎች እጥፍ ስለሚበልጥ አንዷ ብቻዋን ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1896 ፈረንሳዊው አንሪ ቤከሬል ራዲዮአክቲቭነትን ያገኘው በዚሁ የፊልም ጠባይ ነው፤ በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ከዩራኒየም ጨው ጋር በመሳቢያ ያስቀመጠው የፎቶ ሰሌዳ ፀሐይ ሳያየው ጠቁሮ አገኘው።

በሻንጣ ውስጥ የሚደርሰውም ያው ነው። ፎቶ ቤቶች በተለምዶ «ፊልሙ ተቃጥሏል» የሚሉት ብርሃን ገብቶበት ሙሉ በሙሉ የጠቆረውን ነው። ራጅ ግን ብዙ ጊዜ ምስሉን አያጠፋውም፣ ያደበዝዘዋል። ጨለማ መሆን ያለበት ቦታ ግራጫ ይሆናል፤ ቀለሙ ይዘባል፤ ምስሉ ይሻክራል። ፎቶው ደሴ በክረምት ማለዳ ጦሳ ተራራን በጉም ውስጥ እንደምታየው ይሆናል፤ ተራራው አለ፣ ጠርዙ የለም።

ጉዳቱ በፊልሙ ፍጥነት ይወሰናል። በማሸጊያው ላይ አይ.ኤስ.ኦ 100፣ 200 ወይም 400 የሚል ፊልም ጨረር የመቋቋም አቅሙ የተሻለ ነው። 800፣ 1600 እና 3200 የሚለው ለደካማ ብርሃን የተሠራ ነውና ራጅንም ቶሎ ይቀበላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ወዲያው ፎቶ የሚያወጣውን ኢንስታክስ ነው፤ ፊልሙ አይ.ኤስ.ኦ 800 ስለሆነ ከፈጣኖቹ ወገን ይቆጠራል። ሌላው መታወቅ ያለበት ጨረሩ የሚጠራቀም መሆኑ ነው፤ ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የገባው ነገ ሌላ አየር ማረፊያ ላይ ከሚገባው ጋር ይደመራል።

ሦስቱ ማሽኖች

የመጀመሪያው የተለመደው የእጅ ሻንጣ ራጅ ነው። ቦርሳው በተንቀሳቃሽ ቀበቶ ሲያልፍ ከአንድ ወይም ከሁለት አቅጣጫ በቀጭን ጨረር ይታያል። ከ800 በታች ለሆነ ፊልም አንድ ሁለት ጊዜ ማለፉ በአብዛኛው የሚታይ ጉዳት አያመጣም። ከአምስት ጊዜ በላይ የሚያልፍ ከሆነ ግን ዝግተኛውም ፊልም በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የሚያልፍበት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፈንጂ የሚፈልጉ ኃይለኛ ማሽኖች በዚህ መስመር ገብተዋል። ማሽኑ የተጠራጠረውን ዕቃ በተሰበሰበ ጨረር ደግሞ ስለሚመረምር ታጥቦ በወጣው ፊልም ላይ ሰፊ ጥላ ወይም ሞገድ የመሰለ ጥቁር መስመር ሊተው ይችላል። እዚህ ላይ ምርጫ የለም፦ ያልታጠበ ፊልም በምንም ምክንያት ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በፖስታና በኩሪየር የሚላክ ዕቃም በተመሳሳይ ማሽን ሊያልፍ ስለሚችል «እልከዋለሁ» ማለት መፍትሔ አይሆንም።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜው ሥጋት ነው። በሆስፒታል የምናውቀው ሲቲ ስካን ወደ እጅ ሻንጣ ፍተሻ መጥቷል። የጨረሩ ምንጭ በሻንጣው ዙሪያ እየተሽከረከረ ከብዙ አቅጣጫ ያነሳና ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንደ ቅርጽ ያቆመዋል። ለፈታሹ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፊልም ላይ የሚያርፈው ጨረር ግን ከቀድሞው ማሽን እጅግ ይበልጣል። ኮዳክን የመሰሉ አምራቾች ፍጥነቱ ምንም ይሁን ምን ያልታጠበ ፊልም በዚህ ማሽን እንዳያልፍ ይመክራሉ። ማሽኑን የሚያሳብቅ ምልክት አለ፦ ፈታሾቹ «ላፕቶፑ ከቦርሳው አይውጣ» ካሉ ከፊት ያለው ሲቲ ሳይሆን አይቀርም።

ተጓዡ ራሱ የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ በር ግን ራጅ የለውም፤ በኪስ ያለ ፊልም አይጎዳም። የዲጂታል ካሜራ ሚሞሪ ካርድም በእነዚህ ማሽኖች አይበላሽም።

ከደሴ የሚወጣ ፊልም

የደሴ ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መለያ ኮምቦልቻ የተመዘገበችው «ዲ.ኤስ.ኢ» ተብላ፣ በደሴ ስም ነው። ከዚያ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ የሚሄድ ተጓዥ ፊልሙ መድረሻው ሳይደርስ ሁለት ሦስት ጊዜ በራጅ ሊያልፍ ይችላል፤ መልሱ ሲጨመር ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። መንገዱ ሰላም ሆኖ ጊዜ ያለው ሰው እስከ አዲስ አበባ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ቢሄድ አንዱን ፍተሻ ይቀንሳል፤ የኬላ ፍተሻ በእጅ ነው። ሆኖም ፊልሙን ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስታወት ሥር ማስቀመጥ አይገባም፤ ሙቀትም እንደ ጨረር ፊልም ያደበዝዛል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለጥቂት ፎቶ ነው ወይ የሚል ካለ፣ ከዚህ አገር የወጣ ፊልም ምን እንደሠራ ማስታወስ ይበቃል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ታየ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን ዝግጅቱን በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተቀናብሮ በ1967 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ምሽት አዲስ አበባ ላይ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡ በተቀረጸበት በእ.ኤ.አ. 1973 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ የመንገደኛ የእጅ ሻንጣ ሁሉ እንዲፈተሽ ማዘዝ ጀምራ ነበር። የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ ዋና ጠላቶች ሙቀት፣ አቧራና ብርሃን ነበሩ፤ የዛሬው አራተኛ ተጨምሮበታል።

የእርሳስ ከረጢት ያድናል?

ብዙ ተጓዥ መጀመሪያ የሚያስበው በእርሳስ የተለበደ የፊልም ከረጢት መግዛት ነው። እርሳስ ራጅን እንደሚያግድ እውነት ነው። ችግሩ ፈታሹ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ውስጡ የማይታወቅ ጥቁር ነገር መሆኑ ነው። ሥራው የማይታየውን ማየት ነውና ወይ ቦርሳውን ያስከፍታል፣ ወይ እንደገና በማሽኑ ያሳልፈዋል። በጭነት መስመርና በሲቲ ማሽን ፊት ደግሞ በስሱ የተለበደ ከረጢት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ፊልሙ የተጠቀለለበት ቆርቆሮማ ብርሃን እንጂ ራጅ አያግድም። ከከረጢቱ ይልቅ የሚሠራው አፍ ነው።

በፍተሻው በር

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጥተው በሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ያድርጓቸው፤ ፈታሹ ሳይከፍት እንዲያያቸው። ፈጣኖቹን ከላይ ያድርጉ። በካሜራው ውስጥ የተጀመረ ፊልም ካለ ከመነሳትዎ በፊት ጨርሰው ያውጡት፤ ፈታሽ ካሜራውን ክፈት ቢል የኋላው ክዳን ተከፍቶ የተነሳው ሊቃጠል ይችላል። ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ፤ የቸኮለ ሰልፍ ውስጥ ልዩ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።

ከዚያ ቦርሳው ቀበቶው ላይ ሳይወጣ ፕላስቲኩን በእጅ ይዘው እንዲህ ይበሉ፦ «እህቴ፣ ይህ ያልታጠበ የፎቶ ፊልም ነው። በራጅ ካለፈ ይበላሽብኛል። እባክዎ በእጅ ቢያዩልኝ?» ዛሬ በፍተሻ ላይ ያሉት ወጣቶች ብዙዎቹ ያደጉት በስልክ ካሜራ ነው፤ ፊልም ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት ሊያስፈልግ ይችላል። «ፎቶው ገና አልወጣም፣ ውስጡ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ አይ.ኤስ.ኦ ከማብራራት ይሻላል። ፈታሹ ቆርቆሮዎቹን ያገላብጥ ይሆናል፣ ወይም በጨርቅ አብሶ የፈንጂ ቅሪት መኖሩን በመሣሪያ ያይ ይሆናል፤ ሁለቱም ፊልሙን አይጎዱም።

በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ተጓዥ ያልታጠበ ፊልም በእጅ እንዲፈተሽለት መጠየቅ ይችላል፤ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደሩም ራሱ ይህን እንዲያደርግ ይመክረዋል። በሌላ አገር ውሳኔው የፈታሹ ሊሆን ይችላል። እምቢ ካሉ ጭቅጭቅ አያዋጣም፤ ማሽኑ የድሮው ዓይነት ከሆነና ፊልሙ ዝግተኛ ከሆነ አንድ ማለፍ ዓለምን አያጨልምም። ሲቲ ከሆነ ግን በትሕትና ኃላፊ ጠርተው እንዲያናግሩዎት ይለምኑ።

ታጥቦ መጓዝ

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ የፍተሻውን ጥያቄ ከነጭራሹ ያስቀራል፤ ፊልሙን ከመብረር በፊት ማሳጠብ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ የንጉሡንና የደርጉን ዘመን የያዙት ኔጌቲቮቻቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ለሕዝብ ታይተዋል። እንዲህ ታጥቦ ኔጌቲቭ የሆነ ፊልም በየትኛውም ማሽን ቢያልፍ ስጋት የለበትም።

ባለቀለም ፊልም በ38 ዲግሪ ገደማ በጥንቃቄ ስለሚታጠብ ለባለሙያ ቢተው ይመረጣል። ጥቁርና ነጭ ግን በቤት ሊታጠብ ይችላል፤ የሚያስፈልገው ብርሃን የማያስገባ የማጠቢያ ዕቃ፣ ዴቨሎፐር፣ ፊክሰርና 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ ነው። ወይም ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ወርዶ፣ እዚያ የሚያጥብ አግኝቶ፣ ኔጌቲቩን ይዞ መብረር ይቻላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ደግሞ 400ውን ፊልም መርጦ 3200ውን ቢተወው፣ ከሚያስፈልገው በላይም ባያመጣ ግማሹን ሥጋት ከመነሻው ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ፊልሙ በማሽን ካለፈ አይጣል። የደበዘዘ ኔጌቲቭ በኮምፒውተር ስካን ሲደረግ ጥቁሩ ሊመለስለት ይችላል፤ ጥቁርና ነጭ ከሆነማ ጉዳቱ የበለጠ ይሸፈናል። ለዚህ አጣቢውና ስካን የሚያደርገው ሰው የደረሰበትን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ካለፈ በኋላ ወዲያው በቆርቆሮው ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉበት፦ የት፣ በምን ዓይነት ማሽን፣ ስንት ጊዜ። ለሚቀጥለው ፍተሻም ፊልሙ ገና ስንት ጊዜ ማለፍ እንደሚችል የሚነግርዎት ይኸው ጽሑፍ ነው።