ፕላውደን የሚለው ስም ከየት መጣ?

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ስንማር ፕላውደን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ስም እንሰማለን። ይህ ስም በእንግሊዝ አገር እንኳ እምብዛም የማይገኝ ስለ ሆነ፥ ምንጩን ለመመርመር ፈለግሁ። ያገኘሁትንም ለአንባብያን በአጭሩ እገልጻለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ከስማችን ቀጥለን የምንጠራው የአባታችንን ስም ነው፤ ስለዚህ በየትውልዱ ይለወጣል። በእንግሊዝ አገር ግን ኖርማኖች በ1066 ድል ካደረጉ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ቀስ በቀስ ተለመደ። ይኸውም ከአባት ስም፥ ከሥራ፥ ከቅጽል ስም ወይም ከመኖሪያ ቦታ ይወሰድ ነበር።

ፕላውደን ከቦታ የተወሰደ ነው። ቦታው በሽሮፕሽር አውራጃ፥ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ያለ ትንሽ መንደር ነው። የስሙ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ማረሻ ከሚባልበት ቃል ጋር በድምፅ ስለሚመሳሰል የገበሬ ስም ሊመስል ይችላል። የቋንቋ ሊቃውንት ግን ከሁለት ጥንታዊ ቃላት የተገጠመ መሆኑን ያስረዳሉ፤ «ፕሌጋ» ጨዋታ፥ «ዴኑ» ሸለቆ ማለት ነው። እንግዲህ ፕላውደን ማለት ሰዎች ለጨዋታ የሚሰበሰቡበት ሸለቆ ነው።

ከዚህ ቤተ ሰብ እጅግ የታወቀው በ1585 የሞተው የሕግ ዐዋቂ ኤድመንድ ፕላውደን ነው። እንደሚተረከው፥ በዚያ ዘመን የተከለከለውን የካቶሊክ ቅዳሴ ሰምቷል ተብሎ ለተከሰሰ ሰው ሲከራከር፥ ቀዳሹ እውነተኛ ቄስ አለመሆኑ ታወቀ። እርሱም ወዲያው «ነገሩ ተለወጠ! ቄስ ከሌለ ቅዳሴም የለም» አለ። «ነገሩ ተለወጠ አለ ፕላውደን» የሚለው አነጋገርም ለእንግሊዞች ተረት ሆነላቸው።

በአገራችን የታወቀው ዋልተር ፕላውደን ደግሞ በ1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በ1849ም ከራስ አሊ ጋር ውል ተዋዋለ። በኋላ የዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጅ ሆነ። በ1860 በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ያመፁ ሰዎች ጎንደር አጠገብ አቆሰሉት፤ በዚሁም ቁስል ሞተ። የጨዋታው ሸለቆ ስም እስከ ጎንደር የደረሰው በዚህ መንገድ ነው።

እንግሊዛዊው የስሙን ትርጉም ቢረሳም ስሙ ራሱ የዘሩን ምንጭ ይነግረዋል። እኛ የስማችንን ትርጉም እናውቃለን፤ ከአያት በላይ ያሉትን ስሞች ግን የሚያቆዩልን በአብዛኛው የሽማግሌዎች ቃል ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ወላጆቻችንንና አያቶቻችንን እስከ ሰባት ቤት ጠይቀን ዛሬውኑ እንጻፍ።