ከሕፃናት ጋር አገርን ስለ ማየት

(በሬዲዮ የተነገረ)

ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ወላጅ ለሆነ ሰው ሁሉ አደራ ያለበት ነው። ይኸውም ሕፃናትን ይዞ አገርን ስለ መጐብኘት ነው።

በከተማ የምንኖር የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሳምንቱን ቀኖች በወረቀትና በመዝገብ መካከል እናሳልፋለን። ልጆቻችንም የአገራቸውን ተራራና ወንዝ በመጽሐፍ ገጽና በስልክ መስተዋት ላይ ብቻ እያዩ ያድጋሉ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለው፣ ከደጃችን የግማሽ ቀን መንገድ ያለውን ነገር ከቁም ነገር ሳንጽፈው ዓመቱ ያልቃል። «በሚቀጥለው ዓመት እንወስዳቸዋለን» እያልን እናዘገያለን። ልጅነት ግን እንደ ዓመት ፈቃድ ወደሚቀጥለው ዓመት የሚተላለፍ ነገር አይደለም።

ሌሎችን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የስድስት ዓመት ወንድ ልጃችንንና የአራት ዓመት ሴት ልጃችንን ይዘን ከባለቤቴ ጋር ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄድን። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እኔ በመንገድ ሁሉ ስለ ነገሥታቱ ዘመንና ስለ ገዳሙ አመሠራረት ሳላቋርጥ አስተማርሁ። በሰዓቱ ለመድረስ ስለ ቸኰልሁ አንድ ጊዜ እንኳ አቁሜ አላወረድኋቸውም። ልጁን መኪናው አናወጠው፤ ልጅቷም አለቀሰች፤ እኔም ተቈጣሁ። ማታ ስንመለስ አያታቸው «ዛሬ ምን አየህ የኔ ልጅ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ ጥቂት አሰበና «አባባ ሲቈጣ አየሁ» አላቸው።

ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ተጕዘን ልጁ ይዞት የተመለሰው ነገር ቢኖር የእኔን ፊት ነው።

ነገሩን በኋላ ሳሰላስለው ጥፋቱ ከልጁ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ሕፃን ልጅ አገርን የሚያየው እንደ እኛ በዘመን ቍጥርና በስም ዝርዝር አይደለም። ዓይኑ ለመሬት ቅርብ ስለ ሆነ፣ እኛ ሩቁን ተራራ ስናሳየው እርሱ ከእግሩ ሥር ያለውን ጕንዳን ያያል። ደግሞም ተመልካች ብቻ ሆኖ መቀመጥ አይሆንለትም፤ የሥራ ድርሻ ይፈልጋል። ለእኛ ጕዞው የሚጀምረው ከመድረሻው ሲሆን፣ ለእርሱ ግን ገና ከቤቱ በራፍ ጀምሯል።

በዓመቱ በጥቅምት ወር፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ባለቤቴ ያንኑ መንገድ እንደ ገና እንድንሄድ አደረገች። ዘዴዋ ግን ሌላ ነበር። ልጆቹን ማታ ሰብስባ «አንዲት የዝናብ ጠብታ እንጦጦ ላይ ወደቀች። ወደ ሩቅ ባሕር ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ነገር ግን በየት በኩል እንደምትወርድ አታውቅም። ነገ መንገዷን የምንፈልግላት እኛ ነን» አለቻቸው። ከዚያም ሥራ አከፋፈለች። ልጁ ወንዝ ቈጣሪ ሆነ፤ ልጅቷ የስንቅ ሹም ሆነች። ውሎ አበላቸው ቆሎና ሙዝ ነበር። ለእኔም መኪና መንዳትና የተጠየቅሁትን ብቻ መመለስ ተሰጠኝ። ያልተጠየቁትን አለመናገር ለአባት እንዴት ያለ ከባድ ሥራ እንደ ሆነ የዚያን ቀን አወቅሁ።

ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሥተን እንጦጦ ጫፍ ስንደርስ ወረድን። ባለቤቴ ከጠርሙሱ ጥቂት ውሃ መሬት ላይ አፈሰሰችና «ወዴት ትሄድ ይመስላችኋል?» አለች። እዚህ ላይ እውነተኛው ትምህርት አለ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ተራራ ብቻ አይደለም፤ የአዋሽና የአባይ ውሃ የሚለያዩበት ወሰንም ነው። በደቡቡ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ውሃ በአቃቂ ወንዝ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በሰሜኑ በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው ግን በሙገር ወንዝ ወደ አባይ ይገባል፤ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ተገናኝቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይዘልቃል። እንግዲህ ሁለት ጠብታዎች በአንድ ስንዝር ተለያይተው ቢወድቁ አንዲቱ ለበረሃ፣ ሁለተኛይቱ ለባሕር ትሆናለች። ልጁ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የኛ በዚህ በኩል ትውደቅ» ብሎ ውሃውን በእጁ ወደ ሰሜን ገፋው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ አጠረ። በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አልፈን ስንሄድ ልጁ ድልድይ ባየ ቍጥር ይቈጥራል፤ በየሰዓቱ እየወረድን እግራችንን እናፍታታለን፤ የስንቅ ሹሟም አበል ትከፍላለች። ያለፈው ዓመት ማናወጥ አልተመለሰም።

ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጨዋታው ሕግ ተጨመረበት፤ የወላጁን እጅ ያልያዘ ተጓዥ አንድ እርምጃም አይራመድም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ገደሉ ብዙ መቶ ሜትር የሚወርድና አጥር የሌለው ስለ ሆነ ነው። ልጁ ወደ ታች ተመልክቶ «ጠብታችን ያችውና!» አለ። እኔም ስለ ተጠየቅሁ እውነቱን ነገርሁት፤ የእርሱ ጠብታ በሙገር በኩል ሄዳለች፤ እዚህ የሚታየው ውሃ ግን ዘመዷ ነው፤ በጀማ ወንዝ ሄዶ አባይ ላይ ይገናኛሉ። ዛሬ ይህን ተረት የሚተርክ ወላጅ ደግሞ በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የሕዳሴ ግድብ ሊጨምርበት ይችላል፤ ጠብታዋ ከአገር ሳትወጣ መብራት አብርታ ታልፋለችና።

ገደሉ ራሱ እንደ ተገለጠ መጽሐፍ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ከዚያም ዝቅ ብሎ በጀማ ሸለቆ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ይህ ምድር ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ለብሶ እንደ ነበር ይመሰክራል። ለሕፃን ግን ይህ ሁሉ ቍጥር አይነገረውም። «ዱሮ እዚህ ባሕር ነበረ» ቢሉት ይበቃዋል።

በአፋፉም ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጩ ነበር። ጭላዳ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ምግቡ ከሞላ ጐደል ሣር ነው፤ በደረቱም ላይ ቀይ ቆዳ አለው፤ ቀን ሜዳ ላይ ውሎ ማታ ከአውሬ ለመሸሽ ገደሉ ላይ ያድራል። የስንቅ ሹሟ ሙዝ ልትሰጣቸው ስትዘረጋ እናቷ ከለከለቻት፤ የሰው ምግብ የለመደ አውሬ ሣሩን ትቶ መንገደኛ ይቀማልና። ልጅቷም «አበል የላቸውም?» ብላ አዘነች።

በአቅራቢያው ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይም በእግር ተሻገርን። ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ነገር ግን የሰላሌ ገዥ የነበሩት የዐፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያሠሩት መሆኑ ይታመናል። ወንዝ ቈጣሪው በመዝገቡ ውስጥ ትልቅ ቍጥር ሰጠው።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ የመጣው በገዳሙ ግቢ ውስጥ ነው። ገዳሙን በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሠረቱት ብዬ ለልጁ መልሼለት ነበር። እርሱ ግን ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ቀና ብሎ አየና «ገዳሙ ያረጀ ከሆነ ቤቱ ስለ ምን አዲስ ሆነ?» አለኝ። ሕንፃው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት የተሠራ ነው። ይህን ብቻ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ነገር ግን ቦታው የደረሰበትን ደብቆ ማለፍ ደስ አላለኝም። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በእርሱ ትእዛዝ የዚህ ገዳም መነኮሳትና ዲያቆናት በመቶዎች ተቈጥረው በጥይት ተፈጅተዋል።

ለትንሽ ልጅ ይህ እንዴት ይነገራል? አጐንብሼ ከዓይኑ ትክክል ሆንሁና እንዲህ አልሁት፤ «ከብዙ ዘመን በፊት አገራችንን የወረሩ ሰዎች እዚህ የነበሩትን አባቶች ገደሉ። ገዳሙ ግን አልጠፋም፤ ሌሎች አባቶች መጥተው እንደ ገና አቀኑት።» ልጁ ዝም አለ። ጥቂት ቈይቶም «ያን ጊዜ ደወሉን ማን ይደውል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እጁን ብቻ ያዝሁት። የዚያች ጥያቄ ዋጋ ያለፈው ዓመት ንግግሬ ሁሉ ቢደመር አይደርስባትም። ልጁ ባዶ የሆነውን ገዳም በራሱ ልብ አይቶታልና።

ማታ አያቱ እንደ ልማዳቸው ጠየቁት። እርሱም ስለ ጠብታዋ፣ ስለ ጭላዳዎቹ፣ ስለ ደወሉም እየተንተባተበ ሲነግራቸው አመሸ። ስለ እኔ ቍጣ የተነገረ አልነበረም።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ የምናገኘው ምክር አጭር ነው። ለጕዞው አንዲት የምትፈለግ ነገር አብጁ፤ ለልጆቹም እንደ ዕድሜያቸው ሥራ ስጡ፤ በመንገድ ላይ ደጋግማችሁ አቁሙ፤ ከመናገር ይልቅ ጥያቄ ጠብቁ። ከመነሣታችሁም በፊት የመንገዱን ሰላምና የአየሩን ሁኔታ ከሚያውቁት ሰዎች ጠይቁ፤ የሚያሰጋ ነገር ካለ ቀኑን ማዛወር ወይም ሌላ ቦታ መምረጥ ነውር የለበትም።

ሩቅ ለመሄድ አቅም ያነሰውም አይዘን። የአዲስ አበባ ሰው ልጁን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወስዶ ከድንቅነሽ ጋር ሊያስተያየው ይችላል። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ቢኖራትም ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ትንሽ ልጅ እኩያው ሆና ያገኛታል። የሐረር ሰውም የጀጎልን ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች ልጁን እያስቈጠረ ቢዞር በእግሩ ብቻ ታላቅ ጕዞ አደረገ ማለት ነው።

«አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። በትልልቅ ሰዎች ዘንድ ይህ ተግሣጽ ነው። ለሕፃናት ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ ምንጯን ቀርቦ ያላመሰገነ ልጅ አድጎ የአባይን ታላቅነት አያውቅም። ስለዚህ ከጠብታዋ እንጀምር። ልጆቻችን ሳያድጉ፣ እኛም በወረቀት መካከል ሳናረጅ፣ አንድ ጧት እጃቸውን ይዘን እንውጣ።