ድጋፍና ተስማሚነት፦ የፐብሊክ ፖሊሲ የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብርን ስለ መምረጥ

መግቢያ

በፐብሊክ ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ያመለከተ ሰው ከአንድ በላይ የቅበላ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ምርጫው ብዙውን ጊዜ በሁለት ወገን ተከፍሎ ይታየዋል። በአንድ ወገን የገንዘብ ድጋፍ፣ በሌላው ወገን የትምህርቱ ተስማሚነት ይቆማል። ስመ ጥሩው ተቋም ከፊል ድጋፍ ብቻ ይሰጣል፤ ወጪውን በሙሉ የሚሸፍነው ደግሞ አመልካቹ ሊማር ያሰበውን በቅጡ አያስተምርም። ወዳጅ ዘመድም በዚሁ መሥመር ይከፈላል። አንዱ «ዕዳ ውስጥ አትግባ» ሲል፣ ሌላው «እንዲህ ያለ ዕድል ተመልሶ አይመጣም» ይላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊመዘኑ አይችሉም የሚል ነው። ድጋፍ ከገንዘብ መጠኑ ሌላ ግዴታ ይዞ ይመጣል፤ ግዴታውም ተመራቂው የት፣ ለማንና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራ ይወስናል። ስለዚህ የድጋፉ ዓይነት ራሱ የተስማሚነት አካል ነው። ጽሑፉ በቅድሚያ መርሐ ግብሮቹ በምን እንደሚለያዩ፣ ቀጥሎ የድጋፉን ምንጭና ግዴታ፣ በመጨረሻም ምዘናው በምን ቅደም ተከተል ቢካሄድ እንደሚሻል ያብራራል።

አንድ ስም፣ የተለያየ ትምህርት

«ፐብሊክ ፖሊሲ» የሚለው ስያሜ በየተቋሙ አንድ ዓይነት ትምህርትን አያመለክትም። በአሜሪካ ቀድሞ የተስፋፋው የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ማክስዌል ትምህርት ቤት የዚህ ወግ አንጋፋ ተወካይ ነው። ትኩረቱም በጀት፣ የሰው ኃይልና የመሥሪያ ቤት አመራር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን የፖሊሲ ትንተናን ማዕከል ያደረጉ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው ተቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተመሠረተውና ዛሬ ጎልድማን ትምህርት ቤት የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። በእነዚህ ዘንድ ሥርዓተ ትምህርቱ በማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ በስታቲስቲክስና በፖለቲካዊ ሂደት ትንተና ላይ ይቆማል። የመመረቂያ ጥናትን ቦታም ብዙ ጊዜ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ የትንተና ሥራ ይተካዋል። በሃርቫርድ ኬኔዲ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመቱ መርሐ ግብር ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የፖሊሲ ትንተና ሥራ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ዘግይተው የተቋቋሙ ቢሆኑም የየራሳቸው መልክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው የኦክስፎርዱ ብላቫትኒክ ትምህርት ቤት ትምህርቱን በአንድ ዓመት ያጠቃልላል። በ2003 በርሊን ላይ የተመሠረተው ኸርቲ ትምህርት ቤት ለአውሮፓ ተቋማትና ለአስተዳደር ጥያቄዎች ቅርብ ነው። በ1997 የተቋቋመው የደቡብ ኮሪያው ኬ.ዲ.አይ. ትምህርት ቤት የኮሪያን የልማት ጉዞ በእንግሊዝኛ ያስተምራል። በአገር ውስጥ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና እ.ኤ.አ. በ1995 በሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደርና በተቀራራቢ መስኮች ያስተምራሉ።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ተስማሚነት የተቋሙ ደረጃ ወይም ስም አይደለም፤ አመልካቹ ዛሬ በጎደለውና መርሐ ግብሩ በሚሰጠው መካከል ያለው መገናኛ ነው። የመንግሥት መርሐ ግብሮችን ውጤት መለካት የሚፈልግ የዕቅድ ባለሙያ የሚያስፈልገው ጠንካራ የስታቲስቲክስ ትምህርት ነው። የቢሮ ኃላፊ ለሆነ ሰው የበጀትና የአመራር ኮርሶች ይበልጡበታል። ወደ ሦስተኛ ዲግሪ ለመሻገር ያሰበ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ የመመረቂያ ጥናት የሌለበት ሙያዊ ዲግሪ፣ የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን፣ የምርምር ችሎታውን የሚያሳይ ጽሑፍ ሳያስጨብጠው ሊያስመርቀው ይችላል።

ድጋፉ ከየት ይመጣል?

በአሜሪካ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውና የኑሮ ድጎማው በዩኒቨርሲቲው ይሸፈንለታል። ሙያዊ ሁለተኛ ዲግሪ ግን የተለየ ነው፤ ተቋማቱ ከተማሪ ክፍያ ገቢ የሚያገኙበት በመሆኑ ሙሉ ድጋፍ ጥቂት፣ ከፊል ድጋፍ ግን የተለመደ ነው። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሕዝብና ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያውን በሙሉ በመሸፈኑ ከአቻዎቹ ይለያል። የዚህ መነሻም እ.ኤ.አ. በ1961 የሮበርትሰን ቤተሰብ ተመራቂዎችን ለመንግሥት አገልግሎት ለማዘጋጀት የሰጠው 35 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ከፊል ድጋፍ ለአሜሪካዊና ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አንድ ትርጉም የለውም። አሜሪካዊው ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ጉድለቱን በፌዴራል የትምህርት ብድር መሙላት ይችላል። በ2007 በወጣው ሕግ መሠረትም በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያዎችን ከፈጸመ ቀሪው የፌዴራል ዕዳ ሊሰረዝለት ይችላል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ሙሉ ወጪን ይሸፍን የነበረውን የድኅረ ምረቃ ብድር አስቀርቷል፤ ለአብዛኛው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪም በዓመት 20,500፣ በድምሩ 100,000 ዶላር ጣሪያ አስቀምጧል። ስለዚህ ቀደም ባሉት ዓመታት የተመረቁ ሰዎች የሚለግሱት ምክር ለዚህ ወገንም ቢሆን እንደገና መፈተሽ አለበት።

ከኢትዮጵያ የሚሄደው ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የፌዴራል ብድር አያገኝም፤ የዕዳ ስረዛውም አይመለከተውም። ይልቁንም ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን ሰነድ ከዩኒቨርሲቲው ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። በትምህርት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ቢፈቀድለትም፣ ከዚህ የሚገኘው ገቢ ኪስ ይደግፋል እንጂ የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም። «ክፍያ የለም» የሚባልበት አገርም ከዚህ ነፃ አይደለም። በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ባይጠይቁም፣ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ የአንድ ዓመት መተዳደሪያ በዝግ ሂሳብ ማስቀመጥ አለበት፤ ከመስከረም 2024 ጀምሮ የተወሰነው መጠን 11,904 ዩሮ ነው።

ግዴታው እንደ ትምህርቱ አካል

ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ የነፃ ትምህርት ዕድሎች አብዛኞቹ ግዴታ አለባቸው። የብሪታንያው ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪን ይሸፍናል፤ ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። በፉልብራይት የሄደ ተማሪ በአገሩ ሁለት ዓመት ሳይኖር ወይም ግዴታው ሳይነሣለት የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ማግኘት አይችልም። የጃፓንና የዓለም ባንክ የጋራ የነፃ ትምህርት ዕድልም ለልማት ሙያተኞች የታሰበ በመሆኑ የቀደመ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በጀርመን የሄልሙት ሽሚት መርሐ ግብር ለፖሊሲና ለመልካም አስተዳደር ትምህርት የተለየ ሲሆን፣ ተማሪው የሚማረው በመርሐ ግብሩ በተመረጡ ተቋማት ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የአሠሪው መሥሪያ ቤት ውል ይጨመራል። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኛ ወይም የዩኒቨርሲቲ መምህር ለትምህርት ሲላክ ተመልሶ ለተወሰነ ጊዜ ሊያገለግል ውል መግባቱ፣ ዋስ መጥራቱም የተለመደ ነው። ውሉ ቢፈርስ ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል። ዋሱ ብዙውን ጊዜ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከገንዘብ አልፎ የሰው ፊት ጉዳይ ይሆናል።

እነዚህ ግዴታዎች በራሳቸው ጉዳት አይደሉም። ተመልሶ በሥራው ለመቀጠል ለወሰነ ሰው የሁለት ዓመቱ ግዴታ ምንም አያስከፍለውም። ከምረቃ በኋላ በዓለም አቀፍ ድርጅት ልምድ ለማካበት ላቀደ ሰው ግን ያው ስኮላርሺፕ ውድ ነው። በራሱ ወይም በዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በመደበኛ የተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሄደ ተማሪ ከምረቃ በኋላ እስከ 12 ወር በሙያው መሥራት ይችላል፤ መርሐ ግብሩ በሳይንስና በሒሳብ ነክ መስክ የተመዘገበ ከሆነ 24 ወር ሊጨመርለት ይችላል። አንዳንድ በመረጃ ትንተና ላይ ያተኮሩ የፖሊሲ ዲግሪዎች በዚህ ምድብ ስለሚገኙ፣ የኮርስ ዝርዝር ልዩነት የሚመስለው ነገር የሁለት ዓመት የሥራ ዕድል ልዩነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የዶላር ዕዳ፣ የብር ደመወዝ

ከፊል ድጋፍን ለመቀበል የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ሊያጤነው የሚገባው ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሚከፈል ነው። ለምሳሌ 40,000 ዶላር በ10 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት የሚከፈል ብድር ቢወሰድ፣ ወርኃዊ ክፍያው 529 ዶላር ያህል ይሆናል፤ በድምሩም ከ63,000 ዶላር በላይ ይከፈላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ስሌት ወርኃዊ ክፍያው ወደ 30,000 ብር ይጠጋል። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ግን ያው ክፍያ ከ52,000 ብር በላይ ሆነ። ተበዳሪው አንድም ተጨማሪ ዶላር አልተበደረም፤ ደመወዙ በብር በመሆኑ ብቻ ሸክሙ ሊታጠፍ ተቃረበ።

ስለዚህ በዶላር የሚወሰድ ብድር በዶላር የሚከፈል ሥራን ይጠይቃል። ይህ ማለት ብድሩ የተመራቂውን የሥራ ቦታ አስቀድሞ ይመርጣል ማለት ነው። ለአገር ውስጥ ፖሊሲ ለመሥራት በሚል ዓላማ የተጀመረ ትምህርት ዕዳ ለመክፈል ሲባል በውጭ አገር በማይዛመድ ሥራ ሊጠናቀቅ ይችላል። የዕዳው ትልቁ ዋጋ ወለዱ ሳይሆን ይህ የዓላማ መዛባት ነው።

ምዘናው በተግባር

በሐሳብ ደረጃ በአንድ ክልል የፕላን ቢሮ የምትሠራ ባለሙያ ትታሰብ። እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ያሉ ሥራዎችን ውጤት ለመገምገም የሚያስችል ዕውቀት ትሻለች። ሦስት አማራጮች ቀርበውላታል። የመጀመሪያው በአሜሪካ የሁለት ዓመት ጠንካራ የቁጥር ትንተና ትምህርት ሲሆን፣ ከድጋፉ በኋላ 40,000 ዶላር ይጎድላል። ሁለተኛው በብሪታንያ ሙሉ ድጋፍ ያለው የአንድ ዓመት ትምህርት፣ ከመመለስ ግዴታ ጋር ነው። ሦስተኛው በአገር ውስጥ በመሥሪያ ቤቷ ድጋፍ መማር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የወለል ጥያቄ ነው፦ ይህ አማራጭ በመጥፎ ዓመትም ያኖራል? ድጋፉ ለሁለተኛው ዓመት ካልታደሰ፣ ወይም ምንዛሪው ከተለወጠ ትምህርቱ ይቋረጣል? ወለሉን ያላለፈ አማራጭ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢስማማ፣ ከዝርዝሩ ይወጣል። ባለሙያዋ ወደ ቢሮዋ ለመመለስ ከወሰነች፣ የመጀመሪያው አማራጭ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የግዴታ ጥያቄ ነው፦ ግዴታው ያለ ስኮላርሺፑም ልትሠራው ከነበረው ጋር ይጋጫል? በእሷ ሁኔታ አይጋጭም። ሦስተኛውና የመጨረሻው ወለሉን ባለፉት መካከል ብቻ የሚጠየቅ የተስማሚነት ጥያቄ ነው፦ የጎደለኝን የሚሞላው የቱ ነው? የአንድ ዓመቱ ትምህርት በቂ የስታቲስቲክስ ኮርሶችን በምርጫ መውሰድ የሚፈቅድ ከሆነ የተሻለ ነው። ካልፈቀደና በአገር ውስጥ የምትሠራው የመመረቂያ ጥናት በቢሮዋ መረጃ ላይ የሚያሠራት፣ አማካሪዋም በዘርፉ የበረታ ከሆነ፣ የአገር ውስጡ አማራጭ ሊበልጥ ይችላል። ዓላማዋ ከምረቃ በኋላ በውጭ መሥራት ቢሆን ኖሮ ደግሞ የመልሱ ቅደም ተከተል ሊገለበጥ ይችል ነበር። ለአንድ ቅበላ የሚሰጠው ዋጋ ከአመልካቹ ቀጣይ ሥራ ተነጥሎ አይታወቅም።

ከመልስ በፊት የሚቀርቡ ጥያቄዎች

የድጋፍ ደብዳቤዎች ብዙ ጊዜ ዋናውን ቁጥር አጉልተው ቀሪውን ያሳጥራሉ። ስለዚህ አመልካቹ የሚከተሉትን በጽሑፍ መጠየቅ ይገባዋል፦

1. ድጋፉ ለሁለተኛው ዓመት የተረጋገጠ ነው ወይስ በውጤት ወይም በበጀት የሚወሰን?
2. የትምህርት ክፍያ ሲጨምር ድጋፉም አብሮ ይጨምራል?
3. የጤና መድን፣ የአገልግሎት ክፍያዎችና የክረምት ወራት መተዳደሪያ ተካትተዋል?
4. የረዳት መምህርነትና የረዳት ተመራማሪነት ሥራ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ክፍት ነው?
5. ቅበላው ለአንድ ዓመት ቢራዘም ድጋፉ ይጠበቃል?
6. የመመረቂያ ጥናት መጻፍ ይቻላል? በአመልካቹ የፍላጎት መስክ የሚያስተምሩት መምህራን በዚያ ዓመት ይኖራሉ?

ሌላ ተቋም የተሻለ ድጋፍ ከሰጠ፣ ይህንኑ በትሕትና ገልጾ ድጋፉ እንዲታይ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ በአሜሪካ ተቋማት ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው። የጊዜ ግፊትንም መመርመር ያሻል። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት ስኮላርሺፕ ወይም የረዳትነት ሥራ የተሰጠው አመልካች እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ ይደነግጋል። በመጨረሻም ተመልሶ በአገር ውስጥ ሊሠራበት የሚያስብ ሰው የውጭ ዲግሪ አቻ ግመታ መስፈርትን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስቀድሞ ቢያጣራ ይጠቀማል።

መደምደሚያ

ገንዘብንና ተስማሚነትን በአንድ ሚዛን ግራና ቀኝ ማስቀመጥ ምርጫውን ከሚገባው በላይ ያከብደዋል። ቅደም ተከተሉ ወለል፣ ግዴታ፣ ተስማሚነት ሲሆን ብዙው ጥያቄ ሚዛን ላይ ሳይወጣ ይፈታል። ወለሉ መጥፎውን ዓመት ያሻግራል፤ ግዴታው ቀጣዩን ሥራ ይወስናል፤ ተስማሚነቱ ደግሞ በሥራው ላይ የሚውለውን ችሎታ ይሰጣል። ለአስተማሪዎችና ለአማካሪዎችም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አለ፦ ተማሪን «የትኛው ተቋም ይሻላል?» ከሚለው አስቀድሞ «ከምረቃ በኋላ በየትኛው ወንበር ለመቀመጥ ታስባለህ፣ ታስቢያለሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከስም ዝርዝር ይልቅ የሚረዳው እሱ ነው።