ቁልፉ ውስጥ፣ ባለቤቱ ውጭ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ቁልፍ ቀራጭ መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ የናስ ብናኝ ከጉልበቱ እያራገፈ፣ አንዱን ቁልፍ እያየ ሌላውን የሚሞርድ ሰው ነው። ሆሳዕናም ዱራሜም ያው ነው። ቅጂ ማውጣት ግን የሙያው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ማሽን ይሠራዋል። ቀራጩ የሚለካው በሩ ተዘግቶ ቁልፉ ውስጥ የቀረ ዕለት ነው።

በሆሳዕና ይህ ጉዳይ የራሱ ባለጉዳዮች አሉት። አንዱ ተከራይ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከተማዋን በተማሪና በመምህር ሞልቷታል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ስትሆን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው ተጨመረ። አዲስ ተከራይ የድሮውን ቁልፍ አያምንም፤ የራሱን ይገጥማል፤ ትርፉን ቁልፍም ከዋናው ጋር በአንድ ቀለበት ያንጠለጥለዋል። አከራዩ ዘንድ ምንም የለም። ሌላው ባለጉዳይ በመስቀል ሰሞን ይመጣል። ለያሆዴ ወደ ሀዲያ፣ ለመሳላ ወደ ከምባታ ቤተሰቡን ይዞ የሚገባው እንግዳ ከዓመት ዓመት ተዘግቶ የከረመ በር ፊት ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል። ቤቱን ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ያሠራው ሰው ጉዳይ ከሁሉም ይረዝማል፤ ቁልፉ በጠባቂው፣ ፈቃዱ በስልክ ነውና።

ጥሩ ቀራጭ ሲጠራ መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቃል። «ጋሼ፣ ቆልፈውት ነው የወጡት ወይስ ነፋስ ገፍቶት ነው? ቁልፉስ ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ በሩ ላይ እንደተሰካ?» ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ይበሳጫል፤ ምን ለውጥ አለው ይላል። ለውጡ ትልቅ ነው። ተገፍቶ ብቻ የተዘጋ በር የያዘው በሞላ የሚወጣ፣ ጫፉ የተንሸዋረረ ምላስ ነው፤ እሱ ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደር ሳይነካ በአጭር ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቁልፍ ተዙሮ የወጣው ምላስ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ቢገፉት አይመለስም፤ ሥራው ወደ ሲሊንደሩ ይዞራል። ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቶ ከቀረ ሌላ ችግር አለ፤ በተለመዱት የሁለት ወገን ሲሊንደሮች የውስጡ ቁልፍ መሐል ያለውን ማዞሪያ ስለሚይዘው ትርፍ ቁልፍ ቢገኝ እንኳ ከውጭ እስከ መጨረሻው አይገባም። ቀዳዳው ከውጭ ወደ ውስጥ በሚያሳየው የድሮ ቁልፍማ የአያቶቻችን ዘዴ ዛሬም ይሠራል፦ በበሩ ሥር ጋዜጣ አሾልኮ፣ የተሰካውን ቁልፍ ገፍቶ ጋዜጣው ላይ ጥሎ መሳብ።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ መነሳት አለበት፤ የቀራጩን ስም የሚያጠፋው እሱ ነውና። ብዙ ሰው ቀራጩ ሁሉን የሚከፍት «ማስተር ቁልፍ» በኪሱ ይዞ የሚዞር ይመስለዋል። ስለዚህም ሲከፍትለት ያመሰግነውና ማታ ይፈራዋል። እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። በሲሊንደሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ትንንሽ ፒኖች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከላይ ሞላ ይጫነዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ ፒኖቹን በየልካቸው ያነሷቸዋል፤ የተከፈሉበት ቦታ ሁሉ አንድ መስመር ላይ ሲገጥም ሲሊንደሩ ይዞራል። አንዷ ፒን ከልኳ ብታንስ ወይም ብትበልጥ ንቅንቅ አይልም። ፒኖቹ 5፣ የእያንዳንዳቸው ቁመት ደግሞ 6 ዓይነት ሊሆን የሚችል ከሆነ 7,776 የተለያዩ ቁልፎች ይወጣሉ። ሁሉን የሚከፍት ቁልፍ ያለው እንደ ሆቴል ባለ ሕንጻ ነው፤ እዚያም ሲሊንደሮቹ ገና ከመጀመሪያው ተጨማሪ ቀጭን ቁራጭ ፒኖቹ መሐል ገብቶባቸው ስለተሠሩ ነው እንጂ ቁልፉ ተአምረኛ ሆኖ አይደለም።

ታዲያ ያለ ቁልፍ እንዴት ይከፍታል? መልሱ ከወሬው ይበልጥ ያስደንቃል፤ በፋብሪካው ጉድለት ነው። የፒኖቹ ቀዳዳዎች ፍጹም ቀጥ ባለ መስመር አይበሱም፤ በዓይን የማይታይ መዛነፍ አለ። ቀራጩ በአንድ ቀጭን ብረት ሲሊንደሩን ለማዞር ያህል በስሱ ሲጫነው፣ በዚያ መዛነፍ ምክንያት አምስቱም ፒኖች እኩል አይያዙም፤ አንዷ ቀድማ ትነከሳለች። በሌላው ብረት እሷን ፈልጎ ከልኳ ላይ ሲያደርሳት ሲሊንደሩ የፀጉር ያህል ይሸሻል፤ ሌላዋ ትያዛለች። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻዋ። ይህ ጸሐፊ ያየው አንድ ቀራጭ ይህን ሁሉ የሚሠራው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ስንዴ ዋጋ እያወራ ነበር። ዓይን ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። በርካሽ ዋጋ የተገዛ ሲሊንደር ቶሎ የሚከፈተውም ለዚህ ነው፤ መዛነፉ ሰፊ ነዋ።

አሠራሩ የቆየ ነው። የጥንት ግብጾች የእንጨት ቁልፍ በዚሁ ሐሳብ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ ያስያዘው አሜሪካዊው ታናሹ ላይነስ ዬል ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1860ዎቹ። በመክፈት ጥበብ ግን ስሙ የሚነሳው ሌላው አሜሪካዊ፣ አልፍሬድ ሆብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ እንግሊዞች አይደፈርም ያሉትን የቻብ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ገደማ ከፈተው። ቀጥሎ የከፈተው የብራማህ ቁልፍ፣ ለሚከፍተው 200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ሽልማት ተጽፎበት ከ1790 ጀምሮ በሱቅ መስኮት ላይ የተቀመጠው፣ 51 ሰዓት ፈጅቶበታል፤ በ16 ቀን ተከፋፍሎ። የሆሳዕና ደንበኛ ግን ግማሽ ሰዓት ሲሆን ማጉረምረም ይጀምራል፤ በአምስት ደቂቃ ሲያልቅ ደግሞ ዋጋው በዛ ይላል። የሚከፈለው ግን ለደቂቃው ሳይሆን ላልተሰበረው በር ነው።

መሰርሰሪያ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ያኔም የሚጎዳው ሲሊንደሩ ብቻ መሆን አለበት፤ በአንድ ብሎን የተያዘ ዕቃ ነው፤ ይለወጣል። ገና ሲመጣ መሰርሰሪያ የሚያወጣን ሰው ማሰናበት ነው።

ግማሹን ችግር የሚያመጣው ራሱ ባለቤቱ ነው። ቁልፉ ከበደኝ ብሎ የምግብ ዘይት የሚያፈስ አለ፤ ዘይቱ አቧራ ይዞ ይረጋና ፒኖቹን ያጣብቃል። የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይሻላል። ቀራጩ እስኪደርስ ቢላ ሰክቶ ጫፉን ውስጥ የሚሰብርም አለ፤ የእሱ ሒሳብ ሁለት ሥራ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ቅር አያሰኝ። ልባም ቀራጭ አከራይ ወይም ጎረቤት ይጠራል፤ መታወቂያ ያያል፤ ባለቤቱ ጆሃንስበርግ ከሆነ ፊቱን በቪዲዮ ካላሳየ አይነካም። ያለባለቤቱ ፈቃድ የሰው ቤት መግባት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ ሕጉ የሚጠብቀውም የእርስዎን ቤት ነው። ማንነትዎን ሳይጠይቅ በሩን የሚከፍተውን ይፍሩ።

ትርፉን ቁልፍ ከዋናው ቀለበት ዛሬውኑ አውጥተው ለሚያምኑት ጎረቤት ይስጡ። ይህን ሳያደርጉ በሩ ከተዘጋብዎ በሩን ከመርገጥዎ በፊት ቀራጩን ይጥሩ፤ በዋጋውም ሥራው ሳይጀመር ይስማሙ፤ ቆልፈውት እንደሆነ ወይም ተገፍቶ እንደሆነ እስኪደርስ ድረስ ያስታውሱ።