በአውሮፕላን የማረፊያ አደጋ የሚገድለው ምንድን ነው?

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ወደ አሥመራ ለመብረር ከባሕር ዳር ሲነሣ ከርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያውኑ ኃይሉን አጣ፤ አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ወደ ባሕር ዳር ለመመለስ ሲጥሩም ሁለተኛው ተከተለ። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይወጣ በሆዱ መሬት ላይ ለማረፍ ተገደደ፤ እሳትም ተነሣበት። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሕይወታቸውን ሲያጡ 69ኙ ተርፈዋል።

ጣና ዳር ስለ ወፍ አደጋ የሚያስብ ሰው በቅድሚያ ፔሊካንን የመሰሉ ግዙፍ የሐይቅ ወፎችን ቢፈራ አያስደንቅም። አደጋውን ያደረሰችው ግን ክንፏ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዓይኗን ቀይ ቆዳ የከበባት፣ በየገደሉና በየሕንፃው ጥግ የምትኖረው የዱር ርግብ ናት። ክብደቷ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ከገቡ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከሩትን የሞተሩን ስስ ምላጮች ሊያበላሹ ይችላሉ።

ለሐኪም ከሞተሩ ይልቅ ትኩረት የሚስበው ከተሳፋሪዎቹ ሁለት ሦስተኛው የመትረፋቸው ጉዳይ ነው። «አውሮፕላን ከወደቀ ማን ይተርፋል?» የሚለው የብዙኃን እምነት በመነሻና በማረፊያ ወቅት ለሚደርሱ አደጋዎች በአብዛኛው አይሠራም። በእነዚህ አደጋዎች የአውሮፕላኑ ፍጥነትና ከፍታ ዝቅተኛ ስለሆነ ከግጭቱ የሚተርፈው ሰው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ዕጣውን የሚወስኑት ቀጥለው የሚመጡት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው።

ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1985 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የደረሰው አደጋ ነው። እንደ ባሕር ዳሩ ሁሉ ቦይንግ 737 የሆነ አውሮፕላን ለመነሣት ሲንደረደር ሞተሩ ተሰብሮ ነዳጁ ተቀጣጠለ። አውሮፕላኑ መሬት አልለቀቀም፤ ከምንም ነገር ጋርም አልተጋጨም። ይሁንና 55 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 48ቱን የገደላቸው ጭስ ነበር።

የአውሮፕላን ውስጥ ጭስ እንደ ማገዶ ጭስ አይደለም። የወንበር ስፖንጅ፣ ሱፍና ፕላስቲክ ሲቃጠሉ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሳያናይድ ደግሞ ሴሎች በደም የመጣላቸውን ኦክስጅን እንዳይጠቀሙበት ይከለክላል። ሁለቱ ሲደመሩ ተጎጂው በጥቂት እስትንፋስ አእምሮውን ሊስት፣ የመቀመጫ ቀበቶውን መፍታት እንኳ ሊያቅተው ይችላል። አዲስ የመንገደኛ አውሮፕላን ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ሙሉ ተሳፋሪ ጭኖ ከመውጫዎቹ በግማሹ ብቻ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መልቀቅ እንደሚቻል እንዲረጋገጥ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጊዜው በአግባቡ ሲሠራበት ምን እንደሚገኝ ደግሞ የካናዳዋ ቶሮንቶ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2005 የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ340 ነጎድጓድና ብርቱ ዝናብ ባለበት ሰዓት ሲያርፍ መሬት የነካው ከአውራ ጎዳናው መጀመሪያ እጅግ አልፎ ነበር። በእርጥቡ ጎዳና ላይ መቆም ስላልቻለ ጫፉን አልፎ ከሸለቆ ውስጥ ገባ፤ ተቃጠለም። በውስጡ የነበሩት 309 ሰዎች ግን አንድም ሳይቀር በሕይወት ወጡ። ብዙ ተሳፋሪዎች የእጅ ሻንጣቸውን ይዘው ለመውጣት መሞከራቸውን ስናስብ ውጤቱ ይበልጥ ያስገርማል፤ አንድ ሻንጣ በመተላለፊያው ላይ የሚወስደው ሴኮንድ ከኋላ ላለው ሰው የሚቀነስ ሴኮንድ ነውና።

ከእሳቱ ያመለጠ ሁሉ ግን በእግሩ አይሄድም። አውሮፕላን በሆዱ ሲያርፍ ግጭቱ ከታች ወደ ላይ በወንበሩ በኩል በአከርካሪ ላይ ስለሚያርፍ የወገብ አጥንት ሊደቅቅ ይችላል። ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ደግሞ ጭንቅላትንና እግርን ከፊት ካለው ወንበር ጋር ያጋጫል። ከባሕር ዳሩ አደጋ አራት ወር ያህል ቆይቶ በእንግሊዝ በኬግዎርዝ በደረሰው፣ ከ126 ሰዎች 47ቱ በሞቱበት አደጋ፣ የተጎጂዎቹ ስብራት በዝርዝር ተጠንቶ ተሳፋሪዎች ከግጭት በፊት የሚይዙት የሰውነት አቀማመጥ እንዲሻሻል ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ በሜዳው ላይ በእግሩ ቆሞ የሚገኝ ተጎጂ እንኳ የጀርባ ሕመም ካለው አከርካሪው እስኪመረመር ድረስ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ተኝቶ መጓጓዝ ይኖርበታል።

በባሕር ዳር ላይ የሚሠራ ሐኪም ሌላም የሚያስበው ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተነፈሰ ሰው ከዚህ በታች የሚቀንስበት ትርፍ የለውም። ፐልስ ኦክሲሜትር የተባለው በጣት ላይ የሚደረግ መለኪያም በዚህ ጊዜ ያታልላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚያነብ ቁጥሩ 98 በመቶ እያለ ሕሙሙ ሊታፈን ይችላል። ቁጥሩ ምንም ይበል ምን፣ በጭስ ውስጥ ለነበረ ሰው ሁሉ በጭንብል ከፍተኛ ኦክስጅን መስጠት ይገባል። ተራ አየር ሲተነፍስ የመርዙ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

በልየታ ወቅት በቀላሉ የሚታለፈው ደግሞ ቃጠሎው ከውጭ የማይታይበት ሕሙም ነው። የአፍንጫው ፀጉር የተለበለበ፣ አክታው ጥላሸት የያዘ፣ ድምፁ የሻከረ ሰው እያወራ ቢቀመጥም የጉሮሮው እብጠት በሰዓታት ውስጥ ሊጨምርና የአየር መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባለትም ሰውዬው ገና መናገር በሚችልበት ሰዓት ነው፤ እብጠቱ ከገፋ በኋላ ልምድ ላለው ባለሙያ እንኳ መንገዱን ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።