የቀለም ዋጋ በጎረቤቱ ነው
ለሥዕላዊ ኩዊልት ጨርቅ ስለ መምረጥና ስለ መንከር

ሰው ጨርቅ ሊገዛ ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ ዓይኑ የወደደውን ቀለም ለብቻው አይቶ ይመርጣል። ለአንድ ቀሚስ የሚሆን ከሆነ ይህ አመራረጥ ብዙ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ብዙ ቁርጥራጮች በአንድነት የሚሰፉ ሲሆን፥ ለብቻው ያማረው ሁሉ ከሌላው ጋራ ሲገናኝ ያማረ ሆኖ አይገኝም። ቀለም እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ከጎረቤቱ ጋራ ሲኖር ነው። ይህንም በቤታችን ከደረሰው ጥፋት ስለ ተማርነው፥ ለአንባቢዎቻችን፥ ይልቁንም የእጅ ሥራ ለሚወዱ እመቤቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን።

በአገራችን ከእላቂ ጨርቅ የተጣጣፈውን ልብስ ድሪቶ እንለዋለን፤ ስሙም የድኽነት ምልክት ሆኖ ይቈጠራል። በሌላው ዓለም ግን ከዚሁ ዐይነት ሥራ ታላቅ ጥበብ ወጥቷል። ኩዊልት የሚሉት ሦስት ንብርብር ያለው ነው፤ በላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ገጽ፥ በመካከል እንደ ባዘቶ ያለ የጥጥ ንጣፍ፥ በታችም አንድ ወጥ ጨርቅ ይሆንና ሦስቱ በአንድነት በመርፌ ይሰፋሉ። ብዙውን ጊዜ ለአልጋ ልብስ ይሠራ ነበር፤ ኋላ ግን እንደ ሥዕል በግድግዳ የሚሰቀል ሆነ።

ከዚህ ጥበብ ባለሙያዎች አንዲቱ በአሜሪካ በጆርጂያ አገር በ1837 ዓ.ም. በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ይህች ሴት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቁራጭ ሥላ በ1886 አቴንስ በተባለችው የጆርጂያ ከተማ በጥጥ ትርኢት ላይ አቀረበችው። ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት ሽጪልኝ ብትላት እንቢ አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጸናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር ሸጠችው፤ ከሸጠችውም በኋላ እየተመላለሰች ታየው ነበር። ያ ሥራ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛል። በ1971 በኒውዮርክ የዊትኒ ቤተ መዘክር ኩዊልቶችን እንደ ሥዕል በግድግዳ ሰቅሎ ለሕዝብ አሳየ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ሠሪዎች በሱቅ የሚገኘው ቀለም አልበቃ ብሏቸው፥ ነጭ ጨርቅ እየገዙ በገዛ እጃቸው መንከርን ልማድ አደረጉ።

ወደ ቤታችን ነገር እንመለስ። እናታችን ካረፉ በኋላ በአውደ ዓመት ይለብሱት የነበረው ነጭ ኩታ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንዳይበላ ስለ ፈራን፥ ከርሱ ቈራርጠን ለልጆቻችን መታሰቢያ የሚሆን ኩዊልት እንዲሠራ ተስማማን። ባለቤታችንም ከገበያ የተገዛ ቀይ ጨርቅ አጠገቡ አድርጋ ብዙ ወራት ደክማ ሰፋችው። ያን ቀይ ጨርቅ ከመስፋት በፊት ማንም በውሃ አልፈተነውም ነበር። መጀመሪያ በታጠበ ቀን ቀዩ ለቀቀና የእናታችን ኩታ በብዙ ስፍራ ደም የነካው መስሎ ወጣ። የሻጩን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ ሳንፈትን የሰፋነው የኛ ነውና።

እንግዲህ ሁለት ነገር መማር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ቀለምን በዓይን መመዘን፥ ሁለተኛው በውሃ መፈተን ነው።

ስለ ዓይን ሚዛን ብዙ የመረመረው ሚሼል ኤውዤን ሼቭረል የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። በፓሪስ ጎብለን በሚባለው የመጋረጃና የምንጣፍ መሸመኛ ቤት የቀለም ሥራ አለቃ ሳለ፥ ጥቁሩ ክር ኀይል የለውም የሚል ክስ ቀረበለት። ክሩን ከሌላ ስፍራ ከመጣው ጋራ ቢያስተያየው ጕድለት አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደከሙት በአጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለሞች ሆነው ተገኙ። ይህንም በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው።

እኛም በልጅነታችን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ይህንኑ ሳናውቀው ተምረነው ኖሯል። ጸሐፊ በብራና ላይ የሚጽፈው በጥቁር ነው፤ ቀዩን የሚያወጣው ለከበረ ስምና ለአርእስት ብቻ ነው። ገጹ ሁሉ ቀይ ቢሆን የከበረው ስም ከሌላው አይለይም። የጃኖም ግርማ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ቀዩ ጥለት የሚደምቀው በዙሪያው ነጩ ሰፊ ስለ ሆነ ነው።

ስለዚህ ቀለም የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የቀለሙን ስም ትቶ ብርሃኑንና ጥቁረቱን ይመልከት። ቁርጥራጮቹን በግድግዳ ላይ በመርፌ ቍልፍ ሰክቶ፥ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይያቸው። ቀይና አረንጓዴው አንድ ዐይነት ጥላ መስለው ከተዋሐዱ፥ ምንም በስም ቢለያዩ ሥዕሉ ከሩቅ አይነበብም። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ማንሣትም ይህንኑ ይገልጻል። ሁለተኛም ከቀለሞቹ አንዱን ጌታ፥ ሌሎቹን አጃቢ ማድረግ ይገባል፤ ሁሉ ጌታ የሆነበት ቤት ሰላም የለውምና።

ደረጃው የተስተካከለ ቀለም በሱቅ በቀላል ስለማይገኝ መንከሩ የተሻለ ነው። በአገራችን የሚገኘው እርድ ጥጥን ፈጥኖ ቢጫ ያደርጋል፤ ፀሐይ ግን ፈጥኖ ያጠፋዋል። ለጥጥ የሚታመነው ከ1956 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ለገበያ የወጣው፥ ከጥጡ ጭረት ጋራ በኬሚካል ኀይል የሚተሳሰረው የቀለም ዐይነት ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ነጩ የጥጥ ጨርቅ አስቀድሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከፋብሪካ የቀረበት ሙጫና ቅባት ካልወጣ ቀለሙ ጉራማይሌ ይሆናልና። ቀጥሎ በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ያኽል የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ተበጥብጦ ጨርቁ እስከ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋል፤ ይህ ለዳቦ የሚገባው ሶዳ አይደለም። ከዚያም ተጨምቆ በቀለሙ ውሃ ይነከርና፥ እንዳይደርቅ በላስቲክ ተሸፍኖ በሞቃት ስፍራ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያድራል። በመጨረሻም በቀዝቃዛ፥ ኋላም በጣም በሞቀ ውሃ፥ ውሃው ጥሩ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ይታጠባል።

ደረጃ ለማውጣት አምስት ሳሕን ማሰናዳት ነው። በመጀመሪያው ብርቱውን ቀለም ማድረግ፤ ከርሱ ግማሹን ወደ ሁለተኛው ቀድቶ ያንኑ ያኽል ንጹሕ ውሃ መጨመር፤ እስከ አምስተኛውም እንዲሁ ማድረግ። ከአንድ ቀለም ከጥቁረት እስከ ንጣት የሚወርዱ አምስት ወንድማማች ጨርቆች ይወጣሉ። ዱቄቱ ሲበጠበጥ አፍንና አፍንጫን መሸፈን፥ በእጅም ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል፤ የተነከረበትም ዕቃ ተመልሶ ለምግብ እንዳይውል አደራ እንላለን።

በቤት የተነከረውም ሆነ ከገበያ የመጣው፥ ሳይፈተን መርፌ አይግባበት። ከጨርቁ ትንሽ ቈርጦ ሳሙና ባለው ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ፥ ቀጥሎም እርጥቡን በነጭ ጨርቅ መካከል አድርጎ በካውያ መተኰስ ነው። ነጩ ከቀላ ወይም ከጠቈረ፥ ያ ጨርቅ እንደ ገና ይታጠብ፤ ካልተመለሰም ይተው።

የእናታችንን ኩታ ስንኳ ብናጥበው እድፉ ፈጽሞ አልለቀቀም። ባለቤታችን ግን የለቀቀውን ቀይ ሁሉ ፈትታ አወጣችና፥ በምትኩ ራሷ የነከረችውንና የፈተነችውን ጥልቅ ቀይ በእድፉ አጠገብ ሰፋች። ከዚያ ብርቱ ቀይ ጎን ሲቆም እድፉ ፈዞ ለነጭ የቀረበ መሰለ፤ ሼቭረል ያስተማረው ነገር በቤታችን ተፈጸመ። ኩዊልቱም አሁን በልጆቻችን ክፍል ተሰቅሎ ይገኛል። እንግዶች እድፉን አያዩትም፤ እኛ ግን እናየዋለን። እናንተ አንባቢዎቻችን የማይተካ ጨርቅ በእጃችሁ ያለ እንደ ሆነ፥ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አስቀድማችሁ አቅርቡ።