የሌሊት ትንፋሽ ማጠር ከወዴት ይመጣል?



ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ከእንቅልፉ የሚነሣ፥ መስኮት ከፍቶ አየር የሚሻ፥ ሁለትና ሦስት ትራስ ደራርቦ ካልተደገፈ በቀር መተኛት የማይሆንለት ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ «ብርድ ነው፤ ሳምባዬን መታኝ» ይላል፤ ቤተ ሰቡም ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ያቀርብለታል። ሳምባው መታፈኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሕመሙ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በልቡ፥ ከዚያም አልፎ ለዓመታት ሳይታወቅ በኖረው የደም ብዛት ነው።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ሲሆን ቀኝና ግራ ተብሎ የተከፈለ ነው። ቀኙ ከመላ አካል የተመለሰውን ደም ወደ ሳምባ ይልካል፤ ግራው ደግሞ ከሳምባ ንጹሕ አየር ይዞ የመጣውን ደም ወደ መላ አካል ይረጫል። ሰው ዐርፎ ሳለ በያንዳንዱ ወገን በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ያልፋል። መንገዱ አንድ ስለ ሆነ ከሁለቱ አንዱ ቢደክም ሌላው መታወኩ አይቀርም።

ደም በሚሄድበት ጊዜ የሥሩን ግድግዳ ይገፋል። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ በአንዲት ባዝራ የደም ሥር ከብርጭቆ የተሠራ ረዥም ቧንቧ ቢተክሉ፥ ደሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ መውጣቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1733 ጽፈዋል። ዛሬ ይህን ግፊት ለማወቅ ክንድ ላይ መለኪያ መጠምጠም ይበቃል። ለጤነኛ ሰው 120 በ80 ገደማ ነው፤ በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ብዛት ይባላል።

እንዲህ ያለው ግፊት ሲዘወተር ግራው የልብ ክፍል በኀይል መግፋት ግዴታው ስለሚሆን ጡንቻው ይወፍራል። የተሸካሚ ክንድ ሲወፍር ብርታት ነው፤ የልብ ግን እንዲህ አይደለም። እየደነደነ ስለሚሄድ ደም ለመቀበል እንደ ልብ አይዘረጋም፤ ውሎ አድሮም ለመርጨት ይደክማል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ከግራው ልብ በስተ ኋላ ያለው ደግሞ ሳምባ ነው። የሳምባ ቀጫጭን ሥሮች ዝቅተኛ ግፊት የለመዱ ናቸውና፥ ውሃው ከደሙ እየሰረገ የአየሩን ስፍራ ይይዛል። ሰው ሲተኛ በእግሩ የነበረው ፈሳሽ ወደ ደረቱ ስለሚመለስ ይብስበታል፤ ቀና ሲል ይቀለዋል። የትራሱም ምሥጢር ይኸው ነው።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሆናል። በማድ ቤት የእንጨትና የኩበት ጭስ ለብዙ ዓመታት የሳበች እናት ወይም ትምባሆ ያዘወተረ ሰው ሳምባው ሲጐዳ፥ በሳምባው ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ቀኙ ልብ ይደክማል፥ እግርም ያብጣል። ይህን የሳምባ ውስጥ ግፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ አያሳየውም።

የሚያሳዝነው ብዙዎች የደም ብዛት መድኃኒት ጥቂት ወር ወስደው «ተሻለኝ» በማለት ያለ ሐኪም ፈቃድ መተዋቸው ነው። ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሳይሰማ ስለሚኖር፥ ተሻለኝ ማለት የሚቻለው ተለክቶ ሲታይ ብቻ ነው።

እንግዲህ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ስንት ትራስ እንደምትደራርቡ፥ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሡ፥ እግራችሁም ማበጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ ሳትዘነጉ ንገሩት። ከትንፋሹ ማጠር ጋር ቀላ ያለ አረፋማ አክታ ከወጣ ግን ንጋትን ሳትጠብቁ በዚያው ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።